ፋብሪካ ባለቤት ሲለውጥ ስለ ገበሬው ውል

ፋብሪካ በተሸጠ ጊዜ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ዋጋውንና የገዢውን ስም ነው። ለዚያ ፋብሪካ ሲያቀርብ የኖረው ሰው ምን ይሆናል ብሎ የሚያስብ ግን ጥቂት ነው። በቡሬ የምግብ ዘይት ፋብሪካ በ2013 ዓ.ም. ተመርቆ፣ የቡሬና የፍኖተ ሰላም ዙሪያ ገበሬም ምርቱን ለፋብሪካ ለመሸጥ ተስፋ ባደረገበት በዛሬው ዘመን ነገሩን አስቀድሞ መመርመር የተገባ ነው።

ዴል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ለሚሠራቸው ኮምፒዩተሮች አንጎል የሚሆነውን ቺፕ እስከ 1998 ዓ.ም. ድረስ ከኢንቴል ብቻ ይገዛ ነበር። በዚያው ዓመት ኤሊየንዌር የተባለውን አነስተኛ ኩባንያ ገዛ፤ ይኸውም የኢንቴል ተወዳዳሪ የሆነውን የኤ ኤም ዲን ቺፕ ጭምር የሚጠቀም ነበር። ትልቁ ትንሹን ወደ ራሱ አቅራቢ ይጎትተዋል ቢባል የሚያስገርም አልነበረም። ነገር ግን ኤሊየንዌር ኤ ኤም ዲን አልተወም፤ ጥቂት ወራት ቆይቶም ዴል ራሱ ከኤ ኤም ዲ እንደሚገዛ አስታወቀ። ይህም ገዢው ስለ ራራ አይደለም፤ ዕቃው በገበያ የሚፈለግ ስለ ነበረ ነው።

በኢትዮጵያም ሄይነከን በ2003 ዓ.ም. የበደሌንና የሐረርን ቢራ ፋብሪካዎች ከመንግሥት ከገዛ በኋላ የብቅል ገብስ ከአገር ውስጥ ገበሬ የሚገዛበትን ሥራ አስፋፋ። ሜታ ቢራ ደግሞ በ2004 ዓ.ም. ለዲያጆ፣ በ2014 ዓ.ም. ለቢ ጂ አይ አልፏል።

የኩባንያ አክሲዮን ሲሸጥ ኩባንያው ግዴታውን ይዞ ስለሚኖር፣ ውሉ በባለቤት መለወጥ ብቻ አይፈርስም። ችግሩ ዘመኑ ሲያልቅ ነው፤ አዲሱ ባለቤት እንዲያድስ የሚያስገድደው የለምና። የዘይቱ ነገር ይልቁንም የሚያሳስብ ነው፤ ፋብሪካ የገዛ ሰው ከጎጃም አኩሪ አተር ይልቅ ከባሕር ማዶ በመርከብ የሚመጣውን የፓልም ዘይት ሊመርጥ ይችላል።

ስለዚህ የምዕራብ ጎጃም የኅብረት ሥራ ማኅበራት ውላቸው ከአንድ መከር የበለጠ ዘመን እንዲኖረው፣ ሽያጭ ሲታሰብም አስቀድሞ እንዲነገራቸው በጽሑፍ ማስገባት ይገባቸዋል። በ2015 ዓ.ም. የወጣው የግብርና ምርት ውል አዋጅም መሠረት ይሆናቸዋል። እርግጥ፣ ገበያው አንድ ቀን ከፍ ባለ ቁጥር እህሉን ለደላላ አሳልፎ የሚሰጥ ገበሬ፣ ፋብሪካው ቢከዳው የሚከስበት አፍ የለውም። ውሉም ዘር ከመዘራቱ በፊት ይፈረም፤ እህሉ ጎተራ ከገባ በኋላ ፋብሪካው የሚቸኩልበት ምክንያት አይኖረውም።