ቁጠባ የሚሰበከው ለማን ነው?

ወረርሽኝ በመጣ ቁጥር ሁለት ምክሮች ተከትለውት ይመጣሉ። አንዱ «እጃችሁን ታጠቡ»፣ ሌላው «ለክፉ ቀን ቆጥቡ» ነው። የመጀመሪያው ውኃ ላለው፣ ሁለተኛው ደመወዝ ላለው ሰው የተነገረ ነው።

እንጦጦ ማርያም አካባቢ ማን እንደሚኖር ማየት ይበቃል። ከተራራው የባህር ዛፍ ጭራሮ ተሸክመው ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወርዱ እናቶች አሉ። ጠበል ፍለጋ ከየክፍለ ሀገሩ መጥተው ጠባብ ክፍል ተከራይተው የሚኖሩ ሕሙማን አሉ። ጧፍና ሻማ የሚቸረችሩ አሉ። ገቢያቸው የዕለት ነው። እንዲያም ሆኖ ዕቁብ ይጥላሉ፣ ዕድር ይከፍላሉ። ከዕለት ጉርሷ ቀንሳ ዕቁብ የምትጥልን እናት «የቁጠባ ባህል የላትም» ማለት ድፍረት ነው።

2012 ዓ.ም.ን እናስታውስ። መጋቢት 4 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ ተገኘ፤ መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ደንቡ ከአራት ሰው በላይ እንዳይሰበሰብ ከለከለ። ለጤና ሲባል ተገቢ ነበር፤ ግን ማን ምን እንዳገኘ ይታይ። ብሔራዊ ባንክ ለግል ባንኮች 15 ቢሊዮን ብር አቀረበ። መንግሥት እስከ 2007 ዓ.ም. የተከማቸ የግብር ዕዳ ሰረዘ። ሥራቸው ቆሞም ደመወዝ ለከፈሉ ድርጅቶች የአራት ወር የሥራ ግብር ማረ። የድሃው ባንክ ዕቁብና ዕድር ነው። እሱ ግን መሰብሰቢያ እንኳ አጣ።

«ለድሃውስ እርዳታ አልነበረም ወይ?» የሚል ይኖራል። ነበረ። በከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት የታቀፉ ሰዎች ሥራ ሳይጠየቁ የሦስት ወር ክፍያ አስቀድሞ እንዲሰጣቸው ተደርጓል። ይህ ሊመሰገን ይገባል። ችግሩ በሩ ላይ ነው። የሚታቀፈው በወረዳው ነዋሪነቱ የታወቀ ሰው ነው። መታወቂያው ጎንደር ወይም ወሎ የቀረ ጠበልተኛ በየትኛው በር ይግባ? ደንቡ አከራይ ተከራዩን እንዳያስወጣ፣ ኪራይም እንዳይጨምር ከልክሎ ነበር። በቃል ብቻ የተከራየ ሰው ግን ተከራይ መሆኑን በምን ያስረዳል? መብቱ ላም አለኝ በሰማይ ሆነበት።

ልብ የሚባል ሌላ ነገር አለ። ይኸው ሴፍቲኔት ተጠቃሚው ከሚያገኘው ክፍያ 20 በመቶ እንዲቆጥብ ያስገድድ ነበር፤ የገንዘብ አያያዝ ሥልጠና ይሰጥ ነበር፤ በመጨረሻም 500 ዶላር ገደማ የሥራ ማስጀመሪያ ድጋፍ ያክል ነበር። እዚህ ትምህርቱ የመጣው ብቻውን አይደለም፤ ከገንዘቡ ጋር ነው። ባዶ ኪስ ይዞ ስለ በጀት መማር ግን ባዶ ድስት እንደማማሰል ነው።

እንጦጦ ይህን ከኮሮና በፊት ያውቀዋል። የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. በነጻ መሰጠት ጀመረ። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉና መድኃኒቱ እንደማይጣሉ በአደባባይ ተናገሩ። ያ ቃል ብዙ ሰው አድኗል። ነገር ግን መድኃኒቱ ነጻ ሆነ እንጂ ምግቡ፣ ኪራዩና የታክሲው ሒሳብ ነጻ አልሆኑም። በዚያ ዘመን ለቀብር ብቻ የነበሩ አንዳንድ ዕድሮች በሕይወት ያለውን በሽተኛና ወላጅ ያጣውን ሕፃን መደገፍ ጀመሩ። ጥር 2017 ዓ.ም. ደግሞ አሜሪካ የውጭ እርዳታዋን በአንድ ፊርማ ስታቆም፣ በሰው እጅ ላይ የተንጠለጠለ የጤና አገልግሎት ምን ያህል እንደሚያስፈራ ታየ።

ታዲያ ምን ይደረግ? ሦስት ነገር።

አንደኛ፣ በወረርሽኝ ጊዜ መታወቂያ የእንጀራ በር መዝጊያ አይሁን። ማን የት እንደሚኖር ዕድሩና ደብሩ ያውቃሉ፤ ምስክርነታቸው ለጊዜያዊ እርዳታ ይብቃ።

ሁለተኛ፣ ዕድሮች ከሚሰበስቡት ላይ ለታመመ አባል የሚውል ድርሻ በመተዳደሪያ ደንባቸው አስቀድመው ይለዩ። ለሬሳ ድንኳን የሚተክል ዕድር ለሕያው መድኃኒት መግዛት አያቅተውም።

ሦስተኛ፣ የገንዘብ ትምህርት ማለት ይህ ይሁን፦ የትኛው እርዳታ በየትኛው ቢሮ፣ በምን ማስረጃ ይገኛል? የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ምዝገባ መቼ ነው? የኪራይ ውል በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት ተጽፎ በወረዳ መመዝገብ እንዳለበት ተከራዩ ያውቃል ወይ? ይህ ሁሉ በአንድ ገጽ ወረቀት ያልቃል። ከቅዳሴ በኋላ በዐውደ ምሕረት፣ በዕድር ጥሪ ቀን ሊነገር ይችላል። የሆቴል አዳራሽና አበል አያስፈልገውም።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ በሽታው ካለፈ በኋላ የሚሰጥ ሥልጠና ለሪፖርት እንጂ ለሰው አይጠቅምም። ወረቀቱ የሚታተመው፣ ዝርዝሩም የሚያዘው ዛሬ፣ ሰው ጤነኛ ሳለ ነው። ጭራሮ የተሸከመች እናት ቁጠባን ከማንም በላይ ታውቃለች። የማታውቀው ለእርሷ የተመደበው ገንዘብ በየት በኩል እንደሚያልፍ ነው። እሱን የሚያውቀው ወገን ይንገራት።