የተሸጠው አፑ ነው ወይስ እኛ?

እ.ኤ.አ. ማርች 2025 ኢሎን መስክ ኤክስን ለራሱ ሸጠው። ቀልድ አይደለም፤ ኤክስኤአይ የተባለው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ኩባንያው ኤክስን ገዛ። ኤክስ ዕዳው ተቀንሶ 33 ቢሊዮን ዶላር ተተመነ፣ ክፍያው በአክሲዮን ሆነ። ብዙ ሰው "ከግራ ኪሱ ወደ ቀኝ ኪሱ" እያለ ሳቀ። እኔም ስቄያለሁ።

ግን ምኑን ነው የገዛው? መስክ ራሱ የሁለቱን ኩባንያዎች ዳታ እንደሚያዋህድ ሲናገር ምንም አልደበቀም። ዳታ ማለት ደግሞ ሌላ ሳይሆን እኛ የጻፍነው፣ የተሰዳደብነው፣ ላይክ ያደረግነው ነው።

አንድ ጓደኛዬ "እኔ ምን ሚስጥር አለኝ? ይውሰዱት!" ይለኛል። እንዲህ ዓይነት ግዢ የሚጠራጠር ሰው ለእሱ ሴራ ወዳድ ነው። እኔ ግን ጥርጣሬው ከሴራ ሳይሆን ከትዝታ የመጣ ይመስለኛል።

ዋትስአፕን አስታውሱ። በ2014 ፌስቡክ በ19 ቢሊዮን ዶላር ሊገዛው ሲስማማ 450 ሚሊዮን ያህል ተጠቃሚ ነበረው። አካፍሉት፤ በነፍስ ወከፍ 42 ዶላር ገደማ። ያኔ ፌስቡክ ለአውሮፓ ኮሚሽን የሁለቱን አካውንቶች በአስተማማኝ መንገድ በራስ ሰር ማገናኘት አልችልም ብሎ ነበር። በ2016 ግን የዋትስአፕ ስልክ ቁጥሮችን ከፌስቡክ ጋር ማያያዝ የሚፈቅድ ፖሊሲ መጣ። ኮሚሽኑ አሳሳች መረጃ ሰጥተኸኛል ብሎ በ2017 110 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣው። ከግዢው ዋጋ አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም! ይሄ ቅጣት ነው ወይስ የአገልግሎት ክፍያ?

ኢኮኖሚክስ ስንማር ሁለት ድርጅቶች ሲዋሃዱ ዋጋውን እዩ እንባል ነበር። እዚህ ግን ዋጋው ዜሮ ነው፤ ዜሮ ደግሞ ሲጨምር አይታይም። የሚጨምረው የምንሰጠው ነገር ነው።

ማስቆም አይቻልም ማለት ግን አይደለም። በ2024 የአየርላንድ የዳታ ጥበቃ ኮሚሽን ፍርድ ቤት ሲሄድበት፣ ኤክስ ከሜይ እስከ ኦገስት መጀመሪያ የሰበሰበውን የአውሮፓውያን ፖስት ግሮክን ለማሰልጠን ላለመጠቀም ተስማምቷል። እኛም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለን። ስንቶቻችሁ አይታችሁታል? (እውነቱን ለመናገር እኔም ገና ለዚህ ጽሑፍ ብዬ ነው የከፈትኩት።)

እስከዚያው ኤክስ ያላችሁ ሴቲንግ ግቡ፤ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴፍቲ ውስጥ ግሮክ የሚል አለ። ፖስታችሁ ለሥልጠና እንዲውል የሚፈቅደው ምልክት በርቶ ከሆነ አጥፉት። ጓደኛዬ ትናንት አጠፋው፤ ሚስጥር የለኝም ያለው ልጅ!