ከመርጨት በፊት ቅጠሉ ይገልበጥ

በደቡብ ኦሞ ጥጥ፣ ቲማቲም፣ ስኳር ድንችና ካሳቫ የሚያለሙ ገበሬዎች ተክሉ ሲነካ እንደ አመድ ብን ብሎ የሚነሳውን ነጭ ተባይ ያውቁታል። ነጭ ዝንብ ይባላል፤ በዘሩ ግን ከዝንብ ይልቅ ለክሽክሽ የቀረበ ነው። ከዝርያዎቹ አደገኛው ቤሚሲያ ታባቺ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1889 በግሪክ አገር ከትምባሆ ላይ ተገኝቶ የተመዘገበ ነው። ርዝመቱ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ቢሆንም የሚያስወጣው ማር መሰል ፈሳሽ ጥጡን ያጣብቃል፤ ጥቁር ሻጋታም ያስከትላል። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የኡጋንዳን ካሳቫ ያወደመውን የቫይረስ በሽታ ያዛመተውም ይኸው ተባይ ነው።

ይሁን እንጂ ተባዩ በታየ ቁጥር «መድኃኒት ይላክልን» ማለት መፍትሔ አይሆንም። በሱዳን የጀዚራ እርሻ ለሌሎች ተባዮች ተብሎ ዲዲቲና መሰሎቹ በተደጋጋሚ በመረጨታቸው ነጭ ዝንብን የሚያጠፉት ነፍሳት አለቁ፤ እርሱ ግን ተባዛ። የሚጣበቀው የሱዳን ጥጥም በገበያ ዋጋ አጣ። ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም፤ በወይጦ ሸለቆም ጥጥ ይለማል።

ስለዚህ የገበሬ ማኅበራት መሪዎች ለመድኃኒት ግዥ ከመፈረማቸው በፊት ቅጠል ማስገልበጥ አለባቸው። ጠዋት፣ ተባዩ ሳይነቃቃ ቢሆን ይመረጣል። ግልገሎቹ በቅጠሉ ጀርባ እንደ ቅርፊት ተለጥፈው ይገኛሉ። ዝርያው በማይክሮስኮፕ የሚለየው ክንፍ ካወጣው ሳይሆን ከመጨረሻው የግልገልነት ደረጃ ነው። ይህም ሆኖ በመልክ አንድ የሆኑ በርካታ ዓይነቶች ስላሉ የዘረ መል ምርመራ የሚጠይቅበት ጊዜ አለ። በመሆኑም ናሙናው ግልገሎቹ እንደተጣበቁበት በወረቀት ይጠቅለል፤ በላስቲክ ከታሸገ ይሻግታል። የሰብሉ ዓይነት፣ ቀበሌውና ቀኑ ተጽፎበት በልማት ሠራተኛው በኩል ለጂንካ እርሻ ምርምር ማዕከል ይድረስ።

ባዶ ቅርፊቶቹንም በአጉሊ መነጽር ማየት ይጠቅማል። ቅርፊቱ ከላይ ተሰንጥቆ ከሆነ ነጭ ዝንቡ አድጎ ወጥቷል። ክብ ቀዳዳ ካለው ግን የወጣው ግልገሉን ከውስጥ የበላ ጥቃቅን ተርብ ነው። ክብ ቀዳዳ በበዛበት ማሳ ላይ መርጨት ወዳጅን መግደል ይሆናል።

ከምርት ስብሰባ በኋላ የጥጥ ግንድና የቲማቲም ተረፈ ምርት በማሳ ላይ ከቆየ ተባዩ እስከሚቀጥለው ዘር ድረስ መጠለያ ያገኛል። አንዱ ገበሬ ነቅሎ ጎረቤቱ ቢተው ድካሙ ከንቱ ነው፤ የመንቀያውን ቀን ለሁሉም በአንድነት መወሰን የማኅበሩ ሥራ ነው።