ጠገራው ሲመረመር፣ ሰነዱ ሲመለስ

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ይፋግ ከጣና በስተምሥራቅ ስመ ጥር ገበያ ነበረች፤ አሞሌውም ቡናውም ያልፍባት ነበር። በዚያን ዘመን የሀበሻ ነጋዴ ጠገራ ብር ሲቀበል አገላብጦ ያየዋል፦ የማርያ ትሬዛን የአክሊሏን ሉሎች፣ የትከሻዋን ጌጥ፣ ከምስሏ ሥር ያሉትን ኤስ እና ኤፍ የተባሉ ፊደላት። አንዱ ከተፋቀ፣ ብሩ 28 ግራሙን ቢሞላም «አልወስድም» ይላል። ይህ ጭካኔ አልነበረም። ነገ ለሌላ ሰው ሲሰጠው «ምልክቱ የታለ?» ቢባል ብሩ እጁ ላይ ይቀራላ።

ዛሬ ሰሊጥ ላኪ «ባንኩ በአንዲት ቃል ሰነዴን መለሰብኝ» ብሎ ሲያማርር ያ ነጋዴ ትዝ ይለኛል። ኤልሲ፣ ማለትም የተባለው ሰነድ ከቀረበ ለላኪው እከፍላለሁ የሚል የባንክ ቃል፣ የከፈተ ባንክ ሰሊጡን አያይም፤ የሚያየው ኢንቮይሱን፣ የጭነት ሰነዱን (ቢል ኦፍ ሎዲንጉን) እና የምስክር ወረቀቱን ነው። የማይገጥም ሰነድ ተቀብሎ ከከፈለ ደግሞ ገዢው «እኔ ያላዘዝኩትን» ብሎ ገንዘቡን ሊከለክለው ይችላል። ኤልሲው «የሁመራ ሰሊጥ» ብሎ ኢንቮይሱ «የጎንደር ሰሊጥ» ካለ፣ ጆንያው ውስጥ ያለው ምንም ያህል ቢያምር ባንኩን አያገባውም።

እ.ኤ.አ. በ1942 የእንግሊዝ ይግባኝ ፍርድ ቤት የወሰነው ጉዳይ ይህንኑ ያሳያል። ኤልሲው «የኮሮማንደል ኦቾሎኒ» ይላል፤ ቢል ኦፍ ሎዲንጉ ግን «በማሽን የተፈለፈለ የኦቾሎኒ ፍሬ»። ሁለቱ አንድ መሆናቸውን በሙያው ያለ ነጋዴ ያውቃል። ፍርድ ቤቱ ግን ባንክ የየንግዱን ቋንቋ የማወቅ ግዴታ የለበትም ብሎ ላለመክፈሉ ፈረደለት። እኔም ውሳኔው ትክክል ነው እላለሁ።

ሆኖም ጥብቅነቱ ላኪውን ብቻ ማሰር የለበትም። ዋጋ ሲወርድ ከውሉ መውጣት የሚፈልግ ገዢ አንዲት የፊደል ስህተት ሰበብ ትሆነዋለች። ከእ.ኤ.አ. ሐምሌ 2007 ጀምሮ የሚሠራበት የዓለም አቀፉ ንግድ ምክር ቤት ደንብ፣ ዩሲፒ 600፣ ለዚህ ልጓም አበጅቷል። ባንኩ የሚመልስ ከሆነ ሰነዱ ከደረሰው ማግስት ጀምሮ ባሉት አምስት የባንክ የሥራ ቀናት ውስጥ፣ በአንድ ማስታወቂያ፣ ጉድለቱን አንድ በአንድ ቆጥሮ፣ ሰነዱንም ምን እንዳደረገው ገልጾ ማሳወቅ አለበት። «ሰነዱ አልተስማማም» ብቻ ማለት አይበቃም፤ ዛሬ አንድ ጉድለት፣ በሳምንቱ ሌላ እያወጡ ማሰማትም አይቻልም። ይህን ያላሟላ ባንክ ሰነዱ ጎዶሎ ነው ብሎ የመከራከር መብቱን ያጣል። ስለዚህኛው የደንቡ ግማሽ ላኪዎቻችን ሲያነሡ ብዙም አልሰማም፤ ይህ ያሳዝነኛል።

ደንቡ ሲሻሻል በወጡ ጥናቶች 70 በመቶ ያህሉ ሰነድ መጀመሪያ ሲቀርብ ተመላሽ ይሆን ነበር። ስለዚህ ኤልሲው በደረሰ ዕለት፣ መኪናው ወደ ጅቡቲ ሳይነሣ፣ ከሽያጭ ውሉ ጋር ጎን ለጎን ይነበብ፤ ማሟላት የማይቻል ቃል ካለ ያን ጊዜ ገዢው ያሻሽለው። ሰነዱ ሲላክም የመልእክት ደረሰኙ አይጣል። ውጭ አገር ያለው ባንክ ሰነዱን የተረከበበትን ቀን በእሱ ተከታትሎ ማወቅ ይቻላልና፣ አምስቱ ቀን የሚቆጠረው ከዚያ ማግስት ነው።