በአባቶቻችን ገላ ላይ የተጻፈ ኬሚስትሪ

ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ የምንማር የደብረ ታቦር ተማሪዎች ኑክሊዮፊሊክ ሰብስቲትዩሽን የተባለውን ምዕራፍ የምናጠናው አብዛኛውን ጊዜ ለፈተና ብቻ ነው። በኤስ ኤን ሁለት መጪው ከጀርባ ሲገባ ነባሩ በዚያው ቅጽበት ይለቃል፤ በኤስ ኤን አንድ ግን ነባሩ አስቀድሞ ይወጣል፣ መጪው ኋላ ይተካል። ይህን በቃላችን ይዘን፣ ቀስቱን ስለን፣ ከአዳራሹ ስንወጣ እንረሳዋለን። ለኢትዮጵያዊ ተማሪ ግን ይህ ምዕራፍ ሊረሳ አይገባውም እንላለን።

ምክንያታችንም የሚከተለው ነው። በ1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣልያ አውሮፕላኖች በተከዜና በተንቤን በዘመተው ሠራዊታችን ላይ የሰናፍጭ ጋዝ አዘነቡ። የዛሬው ደቡብ ጎንደር ያን ጊዜ የበጌምድር ክፍል ነበር፤ የበጌምድር ገዥ ራስ ካሣ ኃይሉም በተንቤን ግንባር አዛዥ ነበሩ። ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን በጄኔቭ ስለዚህ መርዝ ለዓለም አቤት አሉ፤ የኢጣልያ መከላከያ ሚኒስቴር ግን ድርጊቱን ያመነው በ1988 ዓ.ም. ነው።

መርዙ የሚሠራው እንዴት ነው ቢሉ፣ በዚያው በምንረሳው ቀስት ነው። በሞለኪውሉ መካከል ሰልፈር አለ፤ በግራና በቀኝ በተዘረጉት ሁለት ክንዶች ጫፍ ደግሞ ክሎሪን አለ። ሰልፈሩ በትርፍ ኤሌክትሮኖቹ የገዛ ክንዱን ካርቦን ከጀርባ ይመታል፤ ክሎሪኑን አስለቅቆ ፖዘቲቭ የሆነ ባለ ሦስት ማዕዘን ቀለበት ይሠራል። ቀለበቱ ውጥረት ስላለበት ያገኘው ኑክሊዮፊል በቀላሉ ይከፍተዋል፤ በሰው ገላ ውስጥ የዲ ኤን ኤ ናይትሮጅን ያገኘዋል። በሁለተኛው ክንድ ይኸው ሲደገም ሁለቱ የዲ ኤን ኤ ገመዶች አንድ ላይ ይቆለፋሉ፤ ሕዋሱም መባዛት ይሳነዋል። መርዙ የነካው ሰው ወዲያው ሕመም አይሰማውም፤ ቆዳው የሚቆስለው ከሰዓታት በኋላ ነው።

ደግሞም በ1942 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ዬል ዩኒቨርሲቲ ጉድማንና ጊልማን የተባሉ ሊቃውንት፣ በሰልፈር ፋንታ ናይትሮጅን ያለበትን የዚህን መርዝ ዘመድ ለካንሰር ሕክምና አስሞከሩት። ከዚያው ወገን የተገኘው ሳይክሎፎስፋማይድ ዛሬም ካንሰር ይታከምበታል፤ የሚያድነውም በዚያው ሥልት የካንሰሩን ሕዋስ ከመባዛት በማገድ ነው።

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፣ ቀስቱ አንድ ሲሆን ገዳይም አዳኝም ያደረገው የሰው ፈቃድ ነው። ተንቤንን ለታሪክ ክፍል፣ ቀስቱን ለኬሚስትሪ ክፍል እያካፈሉ ማስቀመጥ ይብቃ። መምህሮቻችን ይህን ምሳሌ ከመጽሐፉ ምሳሌዎች ጎን እንዲያቀርቡልን እንጠይቃለን፤ እኛም ቀስቱን በሳልን ቁጥር በማን ገላ ላይ እንዳለፈ እናስብ።