አንድን ሰው ለሁለት ከፍሎ መቅዳት

ፒያኖ እየተጫወተ የሚዘፍን ሰው ስቱዲዮ ሲገባ የሚጠብቀው ትእዛዝ የታወቀ ነው፤ መጀመሪያ ፒያኖ፣ ድምፅ በኋላ። ምት የሚቆጥረውን ክሊክ ጆሮው ላይ ያደርጉለትና አፉን ዘግቶ ዘፈኑን ከዳር እስከ ዳር ይጫወታል። የተሳተው ኖታ ይታረማል፣ የዘገየው ወደ ምቱ ይሳባል። ከዚያ በኋላ፣ አንዳንዴም በሳምንቱ፣ ጠባቧ ክፍል ውስጥ ለብቻው ቆሞ በራሱ እጅ ላይ ይዘፍናል። ይህ አሠራር ከመለመዱ የተነሣ የሙያው ሕግ መስሏል። ሕግ አይደለም። ለዚህ ዓይነቱ ሙዚቀኛ ጎጂ ነው፤ ምክንያት ተብሎ የሚቀርበውም ነገር እውነተኛው ምክንያት አይደለም።

ከጉዳቱ ልጀምር። ራሱን የሚያጅብ ሰው ሲያዩት ሁለት ሥራ የያዘ ይመስላል፤ የሚሠራው ግን አንድ ሥራ ነው። ስንኙን ለመጀመር ትንፋሽ ሲስብ ግራ እጁ ትጠብቀዋለች። ቃሉን ሲያስረዝም ኮርዱ አብሮ ይረዝማል። ድምፁ ከፍታው ላይ ሲደርስ ቀኝ እጁ መንገድ ትለቅለታለች፤ ድምፁ ሲያርፍ ዜማውን ተቀብላ ትጨርሰዋለች። ፔዳሉን የሚያነሣው እንኳ ከትንፋሹ ጋር ነው። አፍህን ዘግተህ ተጫወት ሲባል እጁ የሚጠብቀው ትንፋሽ የለምና ወይ ክሊኩን ይከተላል፣ ወይ ዘፈኑን በሐሳቡ እየገመተ ይሄዳል። በኋላ ለመዝፈን ሲቆም ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ባለፈው ሳምንት የተጫወተው እጅ አሁን አይሰማውም። ስንኙን አንድ ጊዜ ሳብ ላድርገው ቢል አይጠብቀውም፣ ቶሎ ልግባ ቢል አይደርስለትም። ጌታ የነበረው ድምፅ ተከታይ ይሆናል።

በትዝታ ቅኝት ለሚያዜም ሰው ይኸው ይብሳል። ዜማው በነጻ ሲሄድ ጊዜውን የሚለካው ቃሉ ነው፤ የት እንደሚቆም፣ ምን ያህል እንደሚቆይ ቀድሞ የተቆረጠለት የለም። እንዲህ ያለውን ዜማ በክሊክ ላይ መጫን መልኩን መቀየር ነው።

ባለፈው ክረምት አንዲት ወጣት የመጀመሪያ ዘፈኗን ስትቀዳ አብሬያት ነበርኩ። ዘፈኑን ቤቷ ስትጫወተው ሰምቼዋለሁ። ከመጨረሻው ስንኝ በፊት እጇንም ድምፅዋንም ታቆም ነበር፤ የሚቀጥለው ቃል ከብዷት ያቆመች እስኪመስል ድረስ ትቆያለች፣ ከዚያ ቃሉና ኮርዱ አንድ ላይ ይወድቃሉ። የዘፈኑ ልብ እዚያ ላይ ነበር።

«እህቴ፣ ፒያኖውን ብቻ አስገቢልኝ፤ ድምፁን በኋላ እንጨርሰዋለን» አላት ባለሙያው።

«ሳልዘፍን እጄ የት እንደሚያርፍ አላውቅም እኮ።»

«በልብሽ ዝፈኚዋ!»

በልቧ ዘፈነች። ሦስተኛው ስንኝ ላይ ሳታውቀው ከንፈሯ ተንቀሳቅሶ ትንሽ ድምፅ ወጣት። ቀረጻው ቆመና «እንደገና» ተባለች። በሚቀጥለው ሙከራ ከንፈሯን ነክሳ ስትጫወት በመስታወቱ አየኋት። ዘፈኑ ሲወጣ ያ ማቆሚያ አልጠፋም፤ ግን ልክ ሁለት ምት ሆኗል። ክሊኩ ሁለት ምት ቆጠረላት፣ እሷም በሁለተኛው ምት ላይ ገባች። ንጹሕ ነው፣ ስሕተት የለበትም። ቤቷ ውስጥ ያስደነገጠኝ ነገር ግን እዚያ የለም።

አሁን ወደ ምክንያቱ ልምጣ። ባለሙያ ሲጠየቅ የሚመልሰው «ድምፁ ፒያኖው ማይክ ውስጥ ይገባል፣ ፒያኖውም ድምፁ ማይክ ውስጥ ይገባል» ብሎ ነው። ጥሩ። ነገር ግን እዚያ ስቱዲዮ ውስጥ ፒያኖ አልነበረም። የነበረው በገመድ ኮምፒውተሩ ላይ የተሰካ ኪቦርድ ነው። በገመድ የሚቀዳ ኪቦርድ የዘፋኝ ድምፅ አይሰማም፤ ልጅቷ እየጮኸች ብትዘፍን አንዲት ጠብታ አይገባበትም። በዘፋኟ ማይክ ውስጥ ሊገባ የሚችለው የቁልፎቹ ኳኳታ ብቻ ነው፤ እሱም ማይኩን ቀረብ በማድረግ የሚቀንስ ነገር ነው። እንግዲህ ለምን ተለያዩ? እኔ እንዳየሁት አብዛኛው ቀረጻ የሚከናወነው በእንዲህ ያለ ኪቦርድ ነው፤ «ይገባል» የሚለው ምክንያት በሌለበት ቦታ ሁሉ ልማዱ እንዳለ ቀጥሏል።

እውነተኛው ምክንያት እርማት ነው። ድምፅ የሚያቃናው ኦቶቲዩን የተባለ ፕሮግራም ገበያ ላይ ከዋለበት ከ1997 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተሳተ ድምፅ ከቀረጻ በኋላ ይቃናል፤ የዘገየ ኖታም በማውስ ይጎተታል። ለዚህ ደግሞ እያንዳንዱ ነገር ለብቻው መቆም አለበት። በእውነተኛ ፒያኖ ላይ አብረው ከተቀዱ፣ የዘፋኙ ድምፅ በፒያኖው ማይክ ውስጥም ይኖራል። የድምፁን ማይክ ብታርመው በፒያኖው ማይክ ውስጥ ያለው አይታረምም፤ ያልተቃናው ከተቃናው ጎን ለጎን ይሰማና ሁለት ሰው የሚዘፍን ይመስላል። በክሊክ ያልተጫወቱትን ፒያኖ ወደ ምት ልሳብ ብትል ደግሞ ድምፁ አብሮ ይሳባል። ባለሙያው የሚፈራው ይህን ነው። የሚከላከለው በኋላ የመነካካት መብቱን ነው፣ ለዚያ መብት ሲባል ዘፋኙ አንድነቱን ይከፍላል። ይህ ልውውጥ ለዘፋኙ በግልጽ ተነግሮት ቢመርጥ አንድ ነገር ነው፤ የሚነገረው ግን «ለጥራት ነው» ተብሎ ነው።

ድምፅ ወደ ሌላ ማይክ የመግባት ችግር የለም ማለቴ አይደለም። አለ፣ ፊዚክስ ነው። ድምፅ አንድ ሜትር ለመሄድ ወደ 3 ሺኛ ሰከንድ ይወስድበታል። ስለዚህ የዘፋኙ ድምፅ አፉ ፊት ያለው ማይክ ላይ ቀድሞ፣ ፒያኖው ላይ ያለው ማይክ ላይ ዘግይቶ ይደርሳል፤ ሁለቱ ሲደመሩ አንዳንዱ የድምፅ ክፍል ይጠፋፋና ዘፋኙ የራቀና የተቦረቦረ ይሆናል። መፍትሔው ግን ከብዙ አሥርት ዓመታት በፊት የታወቀ ነው። አንድ ፊት ብቻ የሚሰማ ማይክ ከጀርባው የሚመጣውን እምብዛም አይወስድም፤ ዘፋኙ ፒያኖው ላይ ተቀምጦ ማይኩ አፉን ሲመለከት የማይኩ ጀርባ ራሱ ወደ ፒያኖው ሆድ ይዞራል። ለፒያኖው ደግሞ ባለ ሁለት ፊት ማይክ አለ፤ ከፊቱና ከኋላው ይሰማል፣ ከጎኑ ግን የሚሰማው እጅግ ጥቂት ነው። ያንን ጎን ወደ ዘፋኙ አፍ አዙሮ ማቆም ይቻላል። ከአፍ እስከ ድምፁ ማይክ ያለው ርቀት አንድ እጅ ከሆነ፣ የፒያኖው ማይክ ከአፉ ቢያንስ ሦስት እጅ ይራቅ። ክዳኑ በአጭሩ ዘንግ ይቁም። ቋሚ ፒያኖ ከሆነ ማይኩ ከጀርባው፣ ከእንጨቱ ገበታ በኩል ይሁን። ይህ ሁሉ ተደርጎ ጥቂት የሚገባ ድምፅ ይቀራል፤ የቀረው ሁለቱ ድምፆች በአንድ ክፍል ውስጥ እንደነበሩ የሚናገር ነገር ነው። በሚክስ ጊዜ ሰው ሠራሽ የክፍል ድምፅ ተገዝቶ የሚጨመረው እኮ ይህንኑ ለማስመሰል ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያናድደኝ ይህ ልማድ እኛ አገር መስፈኑ ነው። መሰንቆ የሚመታው የሚዘፍነው ሰው ነው። ክራርም እንዲሁ፤ አስናቀች ወርቁን ከክራሯ ለይቶ ማን ያስባታል? በገና የሚደረድር ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ከአሥሩ አውታር ጋር አንድ ላይ ያዜማል፤ ዓለሙ አጋን ያዳመጠ ሰው የገመዱ ንዝረትና የጉሮሮው ድምፅ የት ላይ እንደሚለያዩ ለመናገር ይቸገራል። ራስን አጅቦ መዝፈን ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ፒያኖ እንግዳ ሆኖ ቢመጣም የሚቀመጥበት ሰው ያንኑ ልማድ ይዞ ነው የሚቀመጠው።

ለዚህ ከእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ የበለጠ ምስክር አላውቅም። እማሆይ የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ ናቸው፤ በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ፣ ኋላም ካይሮ ሙዚቃ ተምረዋል። ዓለም ያወቃቸው በቃል አልባ የፒያኖ ድርሰቶቻቸው ነው፤ በተለይ «ኢትዮፒክስ» የተባለው ተከታታይ እ.ኤ.አ. በ2006 21ኛ ቅጹን ለእሳቸው ከሰጠ በኋላ። እ.ኤ.አ. በ2023 በ99 ዓመታቸው ኢየሩሳሌም ዐረፉ። በዓመቱ «ሱቨኒርስ» በሚል ርዕስ የወጣው አልበም ግን ሌላ ሴት አሳየን፤ የምትዘፍን። ቀረጻዎቹ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጨረሻ እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ ባሉት ዓመታት፣ በዚያ በጨነቀው የደርግ ዘመን፣ አዲስ አበባ በቤተሰባቸው ቤት የተደረጉ ናቸው። መሣሪያው ተራ የካሴት ቴፕ ነው። እማሆይ ፒያኖው ላይ ተቀምጠው፣ ቴፑን ከፍተው፣ እየተጫወቱ ዘፈኑ። ስለ አገርና ስለ ስደት ነው የሚዘፍኑት።

ያንን ቀረጻ በጆሮ ማዳመጫ ቀስ ብሎ የሰማ ሰው ስቱዲዮ የሚያባርረውን ሁሉ ያገኘዋል። የክፍሉ ግድግዳ ይሰማል። ከውጭ ወፎች ይሰማሉ። ድምፃቸው አንዳንዴ ከፒያኖው ኋላ ይቀራል፣ ምክንያቱም ቴፑ አንድ ነው፣ የሚሰማውም ሁሉንም ነው። ግን ዜማውን እጃቸውም ጉሮሯቸውም አብረው ይዘውት ሲሄዱ፣ ከዚያ ድምፁ ሲያርፍና እጅ ብቻውን ሲቀጥል፣ ቀጥሎ የሚመጣውን ምት ማንም አስቀድሞ ሊቆጥረው አይችልም። ልክ የሚሆነው ከሆነ በኋላ ነው። በፒያኖ ድርሰቶቻቸው ውስጥ ለዓመታት እንግዳ ሆኖብን የቆየው አካሄድ ከየት እንደመጣ የገባኝ ይህን ስሰማ ነው፤ እጃቸው ያኔም እያዜመ ነበር። እንግዲህ እነዚህን ዘፈኖች ዛሬ ስቱዲዮ ይዘው ቢመጡ ምን ይባሉ ነበር? እማሆይ፣ መጀመሪያ ፒያኖውን ብቻ። ክሊኩን ያድርጉ። እኔ ካሴት ይመለስ አልልም፤ እሳቸው ጥሩ ማይክና ጥሩ ክፍል ይገባቸው ነበር። የሚገባቸው ግን ተቀምጠው የሚዘፍኑበት ክፍል ነበር።

«ይህ የቤት ቀረጻ ነው፣ ገበያ ሌላ ነው» የሚል ሰው ይነሣል። እሺ፣ ገበያውን እንይ። አሜሪካዊቷ ዘፋኝ አሬታ ፍራንክሊን ኮሎምቢያ በተባለው የሙዚቃ ኩባንያ ሥር ብዙ ዓመት ቆየች። ፒያኖ የተጫወተችባቸው ዘፈኖች ቢኖሩም ብዙውን ጊዜ ሌሎች ባሰናዱት ኦርኬስትራ ፊት ነበር የምትቆመው፤ ስሟም የሚገባውን ያህል አልወጣም። ወደ አትላንቲክ ኩባንያ ስትዛወር ፕሮዲውሰሩ ጄሪ ዌክስለር ያደረገው ዋና ነገር ፒያኖው ላይ ማስቀመጥ ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 24 ቀን 1967 አላባማ ውስጥ ማስል ሾልስ በሚገኘው ፌም ስቱዲዮ ገባች። ፒያኖውን እሷ ስለያዘች የስቱዲዮው ኪቦርድ ተጫዋች ስፑነር ኦልድሃም ወደ ኤሌክትሪክ ፒያኖ ዞረ፤ ሌሎቹም እሷ ወዴት እንደምትሄድ እያዩ ገቡ። የዚያን ቀን ያለቀው አንድ ዘፈን ብቻ ነው፣ «አይ ኔቨር ላቭድ ኤ ማን»። በአሜሪካ የአር ኤንድ ቢ ሰንጠረዥ አንደኛ ወጣ። የሁለተኛው ዘፈን ቀረጻ ተቋርጦ ኋላ ኒው ዮርክ ላይ በተደራራቢ ቀረጻ ነው የተጠናቀቀው፣ እሱም ድንቅ ዘፈን ነው። ይህን የምጠቅሰው እውነቱ እንዳይዛባ ነው፤ መደራረብ ኃጢአት አይደለም። ግን መደራረቡ የመጣው እሷ ፒያኖው ላይ ሆና መንገዱን ካሳየች በኋላ ነው።

እንዲያውም መደራረብ ትክክለኛው መንገድ የሚሆንበት ሥራ አለ። ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 አካባቢ ዋሽንግተን ውስጥ አኮርዲዮኑን፣ ኪቦርዶቹንና የከበሮ ማሽኑን ለብቻው አንዱን ባንዱ ላይ እየጨመረ የሠራው አልበም ከዚያ ውጭ ሊሠራ የሚችል አልነበረም። አንድ ሰው አምስት ሰው ሲሆን መደራረብ ይጠቅማል። እኔ የምቃወመው አንዱን ሰው ለሁለት ሲከፍሉት ነው።

ሌላው ክርክር «መሀል ላይ ቢሳሳትስ?» የሚል ነው። ይድገመው። ዘፈን አራት ደቂቃ ነው፣ ሦስት ጊዜ ከዳር እስከ ዳር መቅዳት ከነዕረፍቱ አንድ ሰዓት አይሞላም፤ በየተራ ቀድቶ፣ አርሞ፣ ሳምንት ጠብቆ፣ እንደገና ከማረም ይቀላል። ከሦስቱ ሁለቱ ጥሩ ከሆኑ፣ ድምፅም ፒያኖም አብረው ዝም ባሉበት ቦታ ላይ ሁለቱንም አንድ ላይ ቆርጦ መቀጠል ይቻላል። ክሊክ አያስፈልግም፤ ያው ሰው ያንኑ ዘፈን በተቀራራቢ ፍጥነት ነው የሚጫወተው። ጥቂት ያዘነበለ ኖታ ከቀረ ይቅር። ፒያኒስቱ ግሌን ጉልድ የባኽን ጎልድበርግ ቫሪዬሽንስ እ.ኤ.አ. በ1955 ሲቀዳ እየተጫወተ ሲያንጎራጉር ይሰማል፤ ኩባንያው አሳተመው፣ ሰባ ዓመት ሙሉ ሲደመጥ ኖረ።

ዘፈን ለማስቀዳት የምትሄዱ፣ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፤ እየተጫወትኩ ልዘፍን እችላለሁ ወይ? «በኪቦርድ ስለሆነ ችግር የለም» የሚል ባለሙያ ሥራውን ያውቃል። «ፒያኖ ስላለን ማይኩን የምናቆምበትን እንይ» የሚልም ያውቃል። «አይሆንም» ካለ ለምን እንደማይሆን ይንገራችሁ፤ መልሱ እርማት ከሆነ ደግሞ እርማቱን ትፈልጉት እንደሆነ የምትወስኑት እናንተ ናችሁ፣ ዘፈኑ የእናንተ ነውና።