የፅንስ ዝውውር ለማን ጥቅም?

አገራችን በከብት ብዛት ከአፍሪካ ቀዳሚውን ስፍራ ይዛለች። ይሁን እንጂ ያገር ላም በአማካይ በቀን ከ2 ሊትር የማይበልጥ ወተት ስለምትሰጥ፣ በሠራተኛው ቤት ወተት የሚገባው ተለክቶና ተቆጥሮ ነው። በብዛትና በምርት መካከል ያለውን ይህን ቅራኔ ለመፍታት ከቀረቡት ሳይንሳዊ ዘዴዎች አንዱ የፅንስ ዝውውር ነው። እዚህ ላይ መነሣት ያለበት ጥያቄ ዘዴው ይሠራል ወይስ አይሠራም የሚለው ሳይሆን፣ በምን መሠረት ላይ ቆሞ ለማን ይሠራል የሚለው ነው።

የዘዴው አሠራር ስውር አይደለም። አንዲት ላም ዘጠኝ ወር ያህል አርግዛ በዓመት ከአንድ ጥጃ በላይ አትወልድም። የተመረጠች ላም ግን በሆርሞን ብዙ እንቁላል እንድታፈራ ተደርጋ በምርጥ ኮርማ ዘር ስትዳቀል፣ በ7ኛው ቀን ግድም ፅንሶቹ ከማሕፀኗ ታጥበው ወጥተው በሌሎች ላሞች ማሕፀን ይቀመጣሉ። በዚህ መንገድ የተገኘው የመጀመሪያው ጥጃ እ.ኤ.አ. በ1951 በአሜሪካ ዊስኮንሲን ተወለደ። እ.ኤ.አ. በ1973 ደግሞ በእንግሊዝ አገር በቅዝቃዜ ተጠብቆ ከቆየ ፅንስ ጥጃ ተገኘ። ስለዚህ ዘዴው የውጭ ዝርያ ለማብዛት ብቻ የሚውል አይደለም። የቆላ ዝንብ የሚያመጣውን የገንዲ በሽታ በመቋቋም የታወቀውንና ቁጥሩ እየተመናመነ የሄደውን የሸኮ ዝርያ ከመጥፋት ለመታደግም ይጠቅማል።

ነገር ግን አንዲት ተአምረኛ ላም ሕዝብ አትመግብም። ኡብሬ ብላንካ የተባለችው የኩባ ላም እ.ኤ.አ. በ1982 በአንድ ቀን ከ100 ሊትር በላይ ታልባ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረች። እ.ኤ.አ. በ1985 ስትሞት ገላዋ ተሞልቶ ለዕይታ ቀረበ። እ.ኤ.አ. በ1991 ሶቪየት ኅብረት ፈርሳ ከውጭ ይገባ የነበረው መኖ ሲቋረጥ ግን የኩባ የወተት ምርት አሽቆለቆለ። የመኖ መሠረት የሌለው ምርጥ ዘር «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ከሚለው አያልፍም።

ሁለተኛው ትምህርት ከራሳችን ታሪክ የሚገኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን እርዳታ በአርሲ የተቋቋመውና ካዱ በሚል ስም የሚታወቀው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት ምርጥ ዘር፣ ማዳበሪያና የተዳቀሉ ጊደሮች አቅርቧል። መሬቱ በባለርስቱ እጅ ስለነበር ግን የምርቱ ዕድገት ባለርስቱን ለትራክተር ሲጋብዝ ጭሰኛውን ከይዞታው አፈናቀለ። የገጠር መሬት አዋጅ የወጣው ከዚያ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። ሳይንስ የአምራቹን ጥቅም የሚያስከብረው አምራቹ ሲደራጅ ብቻ መሆኑን ይህ ታሪክ በግልጽ ያስረዳል።

ለመሆኑ መሠረቱ ምንድን ነው? መሠረቱ በየበረቱ የሚሠራው የዕለት ሥራ ነው። ላም ኮርማ የምትፈልገው በየ21 ቀኑ ግድም ሲሆን፣ ምልክቱም የሚታየው ለጥቂት ሰዓታት ብቻ፣ ብዙ ጊዜም በሌሊት ነው። ጠዋት የታየች ላም በዚያው ዕለት ማምሻውን፣ ማታ የታየችም በማግስቱ ጠዋት ልትዳቀል ይገባል። አንድ ምልክት ሲያመልጥ 21 ቀን መኖ ያለ ጥቅም ይበላል። ፅንስ የምትቀበል ላምም ከሰጪዋ ላም ጋር በአንድ ጊዜ ምልክቱን ያሳየች መሆን አለባት። ይህ ሁሉ ተሟልቶ እንኳ ከተዛወሩት ፅንሶች የሚይዙት በግምት ግማሽ ያህሉ ናቸው። ምልክት የማይጠብቅ፣ መዝገብ የማይዝ፣ መኖ የማያዘጋጅ በረት ፅንስ ቢሰጠው ያባክነዋል።

በመሆኑም ተግባሩ በሁለት ወገን የሚከናወን ነው። በከተማ ግቢ ላም የሚያረቡ የቀበሌ ነዋሪዎች በማኅበር ተሰባስበው የጋራ የማዳቀያና የወሊድ መዝገብ ይክፈቱ፤ መኖ በጅምላ ይግዙ፤ ተራ ገብተው የሌሊቱን ምልክት ይጠብቁ፤ የማዳቀል ባለሙያው በበዓልና በዕረፍት ቀንም እንዲደርስላቸው ይጠይቁ። የሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶችም የፅንስ ዝውውር ሲያካሂዱ ተቀባይ ላሞችን ከትላልቅ እርሻዎች ብቻ ሳይሆን ከነዚህ ማኅበራት መንጋ ይምረጡ።

የሳይንስ ውጤት የሚመዘነው በኤግዚቢሽን በምትታይ ላም አይደለም። የሚመዘነው በሠራተኛው ልጅ ብርጭቆ ውስጥ በሚገባው ወተት ነው!